ዘግይቶ የተከፈተ በር



በደል የደረሰበት ሰው፣ በደሉ ከብዙ ዘመን በኋላ ሲታረምለት ምን ማድረግ ይገባዋል? ጥያቄው ላይ ላዩን ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ ፍትሕ ከመጣ በደስታ መቀበል ነው እንላለን። ይሁን እንጂ ፍትሕ ብዙውን ጊዜ የምትደርሰው ዘግይታ ነው። ጉልበት ከደከመ፣ ዕድሜ ከገፋ፣ በወጣትነት ሊሠራ ይችል የነበረው ሥራ ካለፈ በኋላ ትመጣለች። እንዲህ በሆነ ጊዜ «እስከ ዛሬ የት ነበራችሁ?» ብሎ ፊትን ማዞር ክብርን መጠበቅ ነውን? ወይስ በዘገየውም በር መግባት ይሻላል? ይህን ጥያቄ በሐሳብ ብቻ ከምንመረምረው፣ በሕይወቷ ከመለሰችው ከአንዲት ሴት ታሪክ ጋር አያይዘን ብናየው ይበልጥ ግልጽ ይሆንልናል። እርሷም ጥቁር አሜሪካዊቷ ድምፃዊት ማሪያን አንደርሰን ናት። የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ማሪያን በ1897 በፊላደልፍያ ከተማ ተወለደች። አባቷ በረዶና የድንጋይ ከሰል እየሸጠ ቤተሰቡን ያስተዳድር ነበር። እርሷ ገና ልጅ ሳለች አባቷ ስለ ሞተ፣ እናቷ የሰው ልብስ እያጠበችና እያጸዳች ሦስት ሴቶች ልጆቿን አሳደገች። ማሪያን በስድስት ዓመቷ በአጥቢያዋ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ከልጆች መዘምራን ጋር ተቀላቀለች። የመዝሙሩን ከፍተኛውንም ዝቅተኛውንም ድምፅ፣ የሴቶቹንም የወንዶቹንም ክፍል አጥንታ ስለምታውቅ፣ ከመዘምራኑ አንዱ በቀረ ጊዜ የጎደለውን ቦታ ትሞላ ነበር። የአጥቢያው ምእመናንም የቤተሰቧን ችግር ያውቁ ስለ ነበር ከየኪሳቸው ገንዘብ አዋጥተው የድምፅ ትምህርት እንድትማር ረዷት። እንግዲህ ከመጀመሪያው አንድ ነገር ልብ እንበል፦ ድምፁ የተፈጠረው በእርሷ ጉሮሮ ነው፤ ያደገው ግን በብዙ ሰዎች ሳንቲም ነው።

በወጣትነቷ በከተማዋ በነበረ አንድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ለመመዝገብ ብትሄድ ጥቁር በመሆኗ ብቻ ከበር መለሷት። በ1924 በኒውዮርክ ታውን ሆል ያቀረበችው ዝግጅትም ሳይሰምር ቀርቶ ተስፋ እስከ መቁረጥ ደርሳ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ግን ብዙ ድምፃውያን በቀረቡበት ውድድር አሸንፋ ከኒውዮርክ ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ ጋር ለማዜም በቃች። ያም ሆኖ በአገሯ የሚበቃትን መድረክ ስላላገኘች ወደ አውሮፓ ተሻገረች። በጀርመን ቋንቋውንና ዜማውን አጠናች፤ በስካንዲናቪያ አገሮች እየተዘዋወረች ታላቅ ዝና አተረፈች። በ1935 በሳልዝበርግ የሰማት ስመ ጥሩው የኦርኬስትራ መሪ አርቱሮ ቶስካኒኒ፣ እንዲህ ያለ ድምፅ በመቶ ዓመት አንድ ጊዜ የሚሰማ መሆኑን መሰከረላት።

እዚህ ላይ ስለ ኦፔራ ጥቂት መግለጽ ያስፈልጋል። ኦፔራ ተዋንያኑ ቃላቸውን በዜማ የሚያሰሙበት ቴአትር ነው። አንድ ድምፃዊ አንድ ፒያኖ ተጫዋች ካገኘ በአዳራሽም በትምህርት ቤትም ቆሞ ማዜም ይችላል። ኦፔራ ግን ኦርኬስትራ፣ ኅብረ ዜማ የሚያሰሙ አጃቢዎች፣ አብረው የሚተውኑ ባልደረቦች፣ አልባሳትና ሰፊ መድረክ ይፈልጋል። ስለዚህ ማንም በችሎታው ብቻ ወደ ኦፔራ ቤት ሊገባ አይችልም፤ በሩን የሚከፍትለት ሌላ ሰው ያስፈልገዋል። በ1883 የተከፈተው የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ ከሰባ ዓመት በላይ ለአንድም ጥቁር ድምፃዊ የተዋናይነት ሚና አልሰጠም ነበር። በዚህም ምክንያት ማሪያን በዓለም ዙሪያ የኦፔራ ዜማዎችን በየአዳራሹ እያሰማች፣ በአገሯ ታላቅ የኦፔራ መድረክ ላይ ሳትቆም ምርጥ ዘመኗ አለፈ።

በ1939 ደግሞ ሌላ በር ተዘጋባት። የዋሽንግተኑ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የእርሷን ዝግጅት በኮንስቲቱሽን ሆል ለማቅረብ ቢጠይቅ፣ የአዳራሹ ባለቤት የሆነው «የአሜሪካ አብዮት ሴት ልጆች» የተባለው ማኅበር ከለከለ። የፕሬዚዳንቱ ባለቤት ወይዘሮ ኤሌኖር ሩዝቬልት የማኅበሩ አባል ነበሩና በዚህ ምክንያት አባልነታቸውን ተዉ። ከዚያም በመንግሥት ፈቃድ ዝግጅቱ በሊንከን መታሰቢያ ደረጃ ላይ፣ ኤፕሪል 9 ቀን፣ በትንሣኤ እሑድ ሆነ። ወደ 75,000 የሚጠጋ ሕዝብ፣ ጥቁሩም ነጩም፣ በሜዳው ላይ ቆሞ ሰማት፤ ሚሊዮኖችም በራዲዮ ተከታተሏት። በአገር ፍቅር መዝሙር ጀመረች፤ የዶኒዜቲን የኦፔራ ዜማና የሹበርትን «አቬ ማሪያ» አሰማች፤ በባርነት የኖሩ ወገኖቿ ያወረሷቸውንም መንፈሳውያን መዝሙራት ጨመረች። በዚያ መድረክ ላይ በከለከሏት ሰዎች ላይ አንድም የክስ ቃል አልተናገረችም። ነገር ግን በአገሩ መዝሙር ውስጥ «እኔ» የሚለውን ቃል ለውጣ «እኛ» ብላ ዘመረች።

ይህ ቃል ለእርሷ እንግዳ አልነበረም። ስለ ሥራዋ ስትናገር «እኔ» ማለትን ትታ «እኛ» ማለት ልማዷ ነበር። ምክንያቱን ሲጠይቋትም፣ ሰው ብቻውን የሚፈጽመው ነገር እንደሌለ፣ ዜማውን የደረሰውም ፒያኖውን የሠራውም አብሯት የሚጫወተውም ሁሉ የሥራው ተካፋዮች መሆናቸውን ታስረዳ ነበር። የጥያቄያችንም መልስ የሚጀምረው ከዚህ አጭር ቃል ነው።

ጃንዋሪ 7 ቀን 1955 የሜትሮፖሊታን ኦፔራ በር በመጨረሻ ተከፈተ። በሥራ አስኪያጁ በሩዶልፍ ቢንግ ተጋብዛ፣ በቬርዲ «ኡን ባሎ ኢን ማስኬራ» በተባለው ኦፔራ የጠንቋይቱን የኡልሪካን ሚና ተጫወተች። ዕድሜዋ 57 ዓመት ነበር። ድምፅዋም የወጣትነቱን ኃይል ይዞ አልቆየም። እናቷ በተመልካቾች መካከል ተቀምጣለች፤ ሕዝቡም ገና አንድ ቃል ሳትተነፍስ በጭብጨባ ተቀበላት።

እዚህ ላይ ብርቱ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። «ይህ የፍትሕ ምስል እንጂ ፍትሕ አይደለም። ያ ቤት በወጣትነቷ ነፈጋት፤ በእርጅናዋ ዋዜማ ግን በስሟ እፍረቱን ሸፈነበት። ለጥበቧ ብታስብ ኖሮ የደከመ ድምፅዋን በዚያ መድረክ ባላሰማች ነበር» የሚል ይኖራል። ይህን ተቃውሞ አቃልለን አናልፈውም፤ እውነት አለበትና።

ስጦታ የግል ንብረት ቢሆን ኖሮ ተቃዋሚው ይረታን ነበር። የንብረት ባለቤት የንብረቱን ዋጋና ስም መጠበቅ መብቱ ነው። ነገር ግን ስጦታ ከራስ ያልመነጨ፣ በሌሎችም መዋጮ ያደገ አደራ ከሆነ፣ ሒሳቡ ይለወጣል። በወንጌሉ ምሳሌ መክሊቱን የቀበረው አገልጋይ መክሊቱን አላባከነም፤ እንዲያውም በጥንቃቄ ጠበቀው። የተወቀሰውም በዚሁ ጥበቃው ነው። ማሪያንም ስለ ራሷ ክብር ብቻ ብታስብ ድምፅዋን ከመድረኩ መሰወር በቻለች ነበር። እርሷ ግን «ለእኔ ምን ይጠቅመኛል?» ከማለት ይልቅ «ከእኛ ማን ይከተላል?» የሚለውን ያስቀደመች ይመስለናል። ከሃያ ቀን በኋላ ሮበርት ማክፈሪን የተባለው ጥቁር ድምፃዊ በዚያው ቤት በ«አይዳ» ተጫወተ፤ በ1961 ደግሞ ሊዮንታይን ፕራይስ በሙሉ የወጣትነት ድምፅዋ ገብታ ተደነቀች። ማሪያን በደከመ ድምፅ ባለፈችበት በር ሌሎች በብርቱ ድምፅ ገቡ። ከዚህም በፊት፣ በ1941 የተሸለመችውን 10,000 ዶላር ለወጣት ድምፃውያን መርጃ አውላው ነበር። የአጥቢያዋ ድሆች ያዋጡት ሳንቲም በዚህ መንገድ ለሌሎች ተረፈ።

ሆኖም አንድ ነገር በጥብቅ ልናስታውስ ይገባል፦ የተበደለው ሰው ቸርነት በዳዩን ነጻ አያወጣውም። ማሪያን በ1943 በዚያው በከለከላት ማኅበር ጥሪ በኮንስቲቱሽን ሆል ማዜሟ እውነት ነው፤ ይህ ግን የ1939ኙን ክልከላ ትክክል አያደርገውም። ሰው የሰረቀውን ገንዘብ ሊመልስ ይችላል፤ የሰረቀውን ዕድሜ ግን በምን ይመልሳል? ስለዚህ የእርሷን ትዕግሥት ምሳሌ አድርገን ስናስተምር፣ ግፍ የሚፈጸምበትን ሰው «አንተም ታገሥ፣ ቀን ይወጣል» ብለን ዝም ለማሰኘት እንዳንጠቀምበት እንጠንቀቅ። ትዕግሥት ለተበዳዩ መልካም ምግባር ሊሆን ይችላል፤ በሩን ለሚጠብቀው ግን ሰበብ ሊሆን አይችልም። ወይዘሮ ሩዝቬልት ማኅበሩ እስኪለወጥ ድረስ ዝም ብለው አልጠበቁም፤ ወጡ እንጂ።

እኛስ? በየቁምስናችን፣ በየመዘምራን ጉባኤያችን፣ በየማኅበራችን የአንዳንድ በሮች ቁልፍ በእጃችን ነው። በትውልዱ፣ በወላጆቹ ሥራ፣ በአነጋገሩ ወይም በድህነቱ ምክንያት ወደ ኋላ የተገፋ ልጅ የለምን? እርሱን የማይቀበል ሰው ክፉ ላይሆን ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ «ጊዜው ገና ነው» የሚል ልዝብ ሰው ነው። ነገር ግን «ገና ነው» የሚለው ቃል ሲደጋገም የሰውን ዕድሜ ይጨርሳል።

ማሪያን በ1965 በትንሣኤ ዕለት በኒውዮርኩ ካርኔጊ ሆል የመጨረሻውን የስንብት ዝግጅቷን አቅርባ ከመድረክ ተሰናበተች፤ በ1993 በ96 ዓመቷ ዐረፈች። ከሕይወቷ ሁለት ትምህርት እንወስዳለን። በሩ የዘገየበት ሰው፣ በሩ ሲከፈት ከኋላው ስላሉት ብሎ ይግባ፤ ይህ ውርደት አይሆንበትም። ቁልፉ በእጁ ያለው ግን የሚገባው ሰው ድምፅ እስኪደክም አይጠብቅ። የመጀመሪያውን ትምህርት የምንመሰክረው በአድናቆት ነው፤ ሁለተኛው ግን የሚፈጸመው ዛሬ ልንከፍተው የምንችለውን በር ለነገ ባለማሳደር ነው።