ቀባሪ ያጣው መምህር

ሽማግሌዎች ሲመርቁ «ቀባሪ አያሳጣህ» ይላሉ። በልጅነቴ ይህ ምርቃት ግራ ያጋባኝ ነበር። ኑሮን ገና ላልጀመረ ልጅ ስለ መቃብር ማንሳት ምን ይሉታል? እያልኩ አጉረመርም ነበር። የምርቃቱ ክብደት የገባኝ ጎልምሼ ነው። ያስረዳኝም ሽማግሌ ሳይሆን ቀዶ ሐኪም የሆነ አንድ ወዳጄ ነው።

ወዳጄ የሕክምና ተማሪ ሳለ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አናቶሚ ክፍል የገባበትን ቀን አጫውቶኛል። የፎርማሊን ሽታ ዓይን ያስለቅሳል። ጠረጴዛው ላይ አንድ አስከሬን ተጋድሟል፤ ዙሪያውን ስድስት ተማሪዎች ቆመዋል። በመጀመሪያው ቀን የተነፈሰ አልነበረም። ሳምንት ሳይሞላ ግን ፍርሃታቸውን በቀልድ ለመሸፈን የቅጽል ስም አወጡለት። «ወራት ካለፉ በኋላ እጁን ማጥናት ጀመርን» አለኝ ወዳጄ፤ «መዳፉን ስገልጠው ቆዳው ጠጥሯል። ዶማ ወይም አካፋ ሲይዝ የኖረ እጅ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ በቅጽል ስሙ ልጠራው አልቻልኩም። እውነተኛ ስሙን ለማወቅ ሄጄ ጠየቅሁ። መዝገቡ ላይ የተጻፈው ቁጥር ብቻ ነበር።»

ስሙ የጠፋው ሰው ለስድስት ሐኪሞች መምህር ሆነ ማለት ነው። ፈቃዱን ግን ማንም አልጠየቀውም። ለመሆኑ ይህ ተገቢ ነው?

ቸኩሎ «ነውር ነው፣ ይቅር» ማለት ይቻል ይሆናል። ነገር ግን ቢቀር ማን እንደሚጎዳ እንመልከት። አንባቢ እስቲ አውራ ጣትዎን ከትንሿ ጣትዎ ጋር ያጋጥሙና ሰዓት የሚያስሩበትን አንጓ ትንሽ ወደ ውስጥ ይጠፉት። ከአንጓው መካከል አንድ ቀጭን ጅማት ቀጥ ብሎ ይታይዎት ይሆናል። ላይታይም ይችላል፤ አንዳንድ ሰው ሲፈጠር ይህ ጅማት የለውም። በአንድ እጁ ኖሮት በሌላው የሌለውም አለ። የሌለው ሰው ከሌሎች የሚያንሰው ነገር የለም፤ እንዲያውም ቀዶ ሐኪሞች ሌላ ጅማት ሲበጠስ ብዙ ጊዜ ይህንኑ አውጥተው ይተኩበታል። ደም ቅዳዎችና ነርቮችም እንዲሁ ናቸው፤ ሁሉም ሰው ውስጥ በአንድ መንገድ አይሄዱም። መጽሐፍ የሚያሳየን የብዙኃኑን ሰውነት ነው፤ በሽተኛ ሆኖ የሚመጣው ግን ብዙኃኑ ሳይሆን አንድ ሰው ነው። የኮምፒዩተር ምስል ብዙ ቢያግዝም ይህን ልዩነት በጣት ዳሶ የማወቅን ያህል አያስተምርም። በሙት ሰውነት ላይ ያልተሳሳተ ተማሪ፣ ስህተቱን የሚጀምረው በሕያው ሰው ላይ ነው።

ታሪክም ይህንኑ ይመሰክራል። በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ጌለን የሰው አስከሬን መክፈት ስላልተፈቀደለት ጦጣና አሳማ እየከፈተ ጻፈ። የታችኛው መንጋጋችን ከሁለት አጥንት የተሠራ ነው ብሎ አስተማረ። ከ1,300 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1543፣ የ28 ዓመቱ ቬሳሊየስ ስለ ሰው አካል አወቃቀር የጻፈውን ታላቅ መጽሐፍ ሲያሳትም መንጋጋው አንድ አጥንት መሆኑን አሳየ። በመካከሉ ያለፈው ትውልድ በአብዛኛው መንጋጋውን ተሸክሞ እየዞረ ስለ መንጋጋው ተሳስቶ ኖሯል።

ታዲያ ቬሳሊየስ ያንን እውነት ያገኘው ከማን ነው? በስቅላት ከተቀጡ ሰዎች ነው። ከከተማ ውጭ ተሰቅሎ የቀረን ሰው አጥንት በሌሊት እንደወሰደ ራሱ ጽፏል። ከእርሱ በኋላም ነገሩ አልተሻሻለም። እ.ኤ.አ. በ1752 የወጣው የእንግሊዝ ሕግ ነፍሰ ገዳይ ከተሰቀለ በኋላ አስከሬኑ ለሐኪሞች እንዲሰጥ አዘዘ። ዓላማው ቅጣቱን ማክበድ ነበር። የተሰቀሉት ለትምህርት አልበቃ ሲሉ መቃብር ማፍረስ ገቢ ያለው ሥራ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1828 ደግሞ በኤዲንብራ ከተማ በርክና ሔር የተባሉ ሁለት ሰዎች መቃብር የመቆፈሩን ድካም እንኳ ቀነሱት፤ 16 ሰዎችን ገድለው ለአናቶሚ አስተማሪው ለሮበርት ኖክስ ሸጡ። አብዛኞቹ ሟቾች ጠያቂ የሌላቸው ድሆች ነበሩ። በርክ ተሰቀለ፤ እርሱም በተራው ለአናቶሚ ተከፈተ፤ አጽሙ እስከ ዛሬ በኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ይታያል። አስከሬኖቹን የተቀበለው ኖክስ ግን ፍርድ ቤት አልቀረበም።

ከዚህ ጉድ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1832 አዲስ ሕግ ወጣ። ግድያውንና የመቃብር ስርቆሹን አስቀረ። እንዴት? በድሆች መጠለያና በሆስፒታል ሞተው ወዳጅ ዘመድ ያልጠየቃቸው ሰዎች ለሐኪሞች እንዲሰጡ በመፍቀድ ነው። ትናንት ነፍስ ላጠፋ ሰው ቅጣት የነበረው ነገር፣ ከዚያ ወዲህ ለደሃ ሰው ዕጣ ሆነ። በብዙ የአፍሪካ አገሮች፣ በእኛም አገር ጭምር፣ በሕክምና ትምህርት ቤት ጠረጴዛ ላይ የሚገኘው በአብዛኛው ይኸው ጠያቂ ያጣ ሰው ነው።

እዚህ ላይ አንድ የታወቀ መከራከሪያ አለ። «የሞተ ሰው አይሰማውም፤ ማንንም አልጎዳንም» ይባላል። ላይ ላዩን ሲያዩት የሚያሳምን ነው። ግን ጉዳት የሌለው ነገር ከሆነ ስለምን ሁልጊዜ ለአንድ ወገን ብቻ ይደርሳል? «አይሰማውም» የሚለው ሰው የገዛ አባቱን አስከሬን ለምን ወደዚያ ጠረጴዛ አይልክም? እኛ ሁላችን የራሳችንን ሰው አጥበን፣ ገንዘን፣ አልቅሰን የምንቀብር ከሆነ፣ በአስከሬን ላይ ሊደርስ የሚችል በደል መኖሩን አምነናል ማለት ነው። ካመንን ዘንድ በደሉን ተከራካሪ በሌለው ሰው ላይ ማሳለፍ ጥበብ ሊባል አይችልም።

ስለዚህ ሁለት እውነቶች ፊት ለፊት ቆመውብናል። ሰውነትን ከሰውነት መማር ግድ ነው። ዋጋውን ደሃ ብቻ መክፈሉ ደግሞ ግፍ ነው። ከዚህ መውጫው አንድ ይመስለኛል፤ የተማረውም፣ ያለውም፣ በሐኪሙ እውቀት የሚጠቀመው ሁሉ በፈቃዱ ይስጥ። ፈላስፋው ጄረሚ ቤንተም ይህን ያደረገው ያ ሕግ በወጣበት በዚያው በ1832 ነበር። አስከሬኔ ለትምህርት ይከፈት ብሎ ተናዘዘ፤ ተፈጸመለትም። በዛሬዋ ታይዋን ደግሞ በጹ ቺ ዩኒቨርሲቲ ሰውነታቸውን የሚሰጡ ሰዎች «ድምፅ አልባ መምህራን» ይባላሉ። ተማሪዎቹ ትምህርቱን ከመጀመራቸው በፊት የሟቹን ቤተሰብ ይጎበኛሉ፤ ስሙን፣ ሥራውን፣ ጠባዩን ይጠይቃሉ። ሲጨርሱም የከፈቱትን ሰፍተው፣ አልብሰው፣ ከቤተሰቡ ጋር ሆነው ይሸኙታል።

ይህን ጽፌ ብጨርስ ለእኔ ይቀልለኝ ነበር። ነገር ግን ሌላውን የምመክር ሰው ራሴን መጠየቅ አለብኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ የዕድር ወርኃዊ ክፍያ ያላስተጓጎልኩት ለምን ነበር? ቀባሪ እንዳላጣ አይደለምን? አንድ ምሽት ነገሩን ለባለቤቴ አነሳሁባት። ስሞት ሰውነቴን ለሕክምና ተማሪዎች ልስጥ ብል ምን ትያለሽ? አልኳት። ይዘገንናታል፣ ወይም ትቆጣለች ብዬ ነበር። ለረጅም ጊዜ ዝም አለችና፣ «ታዲያ እኔ የት ሄጄ ላልቅስ?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። እስካሁንም የለኝም፤ ኑዛዜውንም አልጻፍኩም። ሰውነቴ የእኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ከእኔ በኋላ የሚቆሙትም ድርሻ አላቸው። እንግዲህ መስጠት ፈቃድ ብቻ ሳይሆን ምክክርም ይጠይቃል ማለት ነው።

ሆኖም እኛ እስክንወስን ድረስ ጠረጴዛው ባዶ አይቆይም። ዛሬም እዚያ የተጋደመ ሰው አለ። ለእርሱ ልናደርገው የምንችለው ነገር የእኛን ኑዛዜ አይጠብቅም። ስሙ የታወቀ ከሆነ ከቁጥሩ ጎን ይጻፍለት። ዘመድ ይፈለግለት፤ ከልብ ይፈለግለት። ትምህርቱ ሲያበቃ አጽሙ በወግ ይቀበር፤ ከእርሱ የተማሩትም በቀብሩ ላይ ይቁሙ። ስድስት ተማሪ ለአንድ ቀብር ጥቂት አይደለም። ከዚህ ያነሰ ሰው የሸኘው ብዙ አለ።

ወዳጄን በቅርቡ ስጠይቀው፣ የእጁ ጅማት የተበጠሰ የቀን ሠራተኛ ሲመጣለት ያ የጠጠረ መዳፍ ዛሬም ፊቱ ድቅን እንደሚልበት ነገረኝ። የት እንደተቀበረ ታውቃለህ? አልኩት።

አያውቅም።