አፈርህ እኔ ጋ አድሯል

በመካነ ሰላም ዳርቻ፣ መሬቱ ወደ ዓባይ በረሃ ማዘቅዘቅ በሚጀምርበት በኩል፣ ጓሮ ለጓሮ የሚዋሰኑ ሁለት ጎረቤቶች ነበሩ። ከላይ ያለው ወጣት ነው። ከታች ያሉት አንድ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው። የወጣቱ ጓሮ ከግማሽ ጥማድ አይበልጥም። ድንች፣ ጎመንና ነጭ ሽንኩርት ያበቅላል፤ ዳር ዳሩን ጌሾ ቆሞበታል። መሬቱ ግን ተዳፋት ነው።

ጓሮውን በየዓመቱ በጥንድ በሬዎቻቸው የሚያርሱለት ሽማግሌው ነበሩ። ይገምሳሉ፣ ይደግማሉ፣ ይሠልሳሉ። በሬዎቹ ዳገቱን ቀጥ ብለው አይወጡም። ሽቅብ ሲነዷቸው ይቆማሉ፤ አንገታቸውን ወደ ጎን ሰብረው ያገድማሉ። ሽማግሌውም አያስገድዷቸውም፤ እርፉን ይዘው ተዳፋቱን አግድም ይከተላሉ። በጓሮው መካከል ሁለት የሣር ድንበሮች አሉ። እነሱ ጋ ሲደርሱ ማረሻውን ያነሡና ተሻግረው እንደገና ይተክላሉ። ወጣቱ ይህን ሲያይ ትዕግሥቱ ያልቃል።

«አያ፣ ይህችን ቁራሽ መሬት ለማረስ ይህን ያህል መዞር ለምን ያስፈልጋል?» ይላቸዋል።

«በሬዎቹን ጠይቃቸው» ይሉታል።

አንድ የግንቦት ሰሞን ወጣቱ መለስተኛ ትራክተር ይዞ መጣ። ባለ ሁለት ጎማ ነው፤ ከኋላው በእግር እየተከተሉ መያዣውን በሁለት እጅ ጨብጠው ይነዱታል። ከሥሩ የሚሽከረከሩ ቆልማማ ቢላዎች አሉት። የናፍጣ ሞተሩን በእጀታ አሽከርክሮ ሲያስነሣው ሰፈሩ ሁሉ ለማየት ወጣ። መጀመሪያ እንደ በሬዎቹ አግድም ሞከረ። የታችኛው ጎማ በልሉ አፈር ሰመጠ፤ ማሽኑ ወደ ቁልቁለቱ አዘነበለ፤ መያዣው ከእጁ ሊያመልጥ ታገለው። ሊገለበጥበት መሆኑን አይቶ ደነገጠ። ፊቱን ወደ ሽቅብ ሲያዞረው ግን ማሽኑ ቀጥ ብሎ ወጣ፤ ቀጥ ብሎም ወረደ። «እንዲህ ነው እንጂ!» አለ። ሁለቱ የሣር ድንበሮች መንገድ ላይ እየገቡ ሲያስቸግሩት በዶማ ነቅሎ ጣላቸው። ፀሐይ ሳትበረታ ሥራው አለቀ።

ሽማግሌው በአጥሩ ገብተው ጓሮውን ዳር ዳሩን ዞሩ። ጎንበስ ብለው አፈሩን ዘገኑ፤ እንደ ዱቄት በጣቶቻቸው መካከል ፈሰሰ። ጓል የለበትም፣ ሥር የለበትም። ሽቅብና ቁልቁል የተሰመሩትን መስመሮች ከአናት እስከ ግርጌ በዓይናቸው ተከተሉ።

«አፈሩ አምሮበታል፣ ልጄ» አሉ። «ግን መንገዱን የጠረግኸው ለማን ነው?»

ወጣቱ ጥያቄው አልገባውም። «ለድንቹ ነዋ፣ አያ» አለ።

ሐምሌ ገባ። አንድ ቀን ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ አደረ። ውሃው ከጓሮው አናት ገብቶ ማሽኑ ያበጀለትን መስመር አገኘ። የሚያዘገየው ሣር፣ የሚያገድመው ትልም አልነበረም። ሲነጋ ድንቹ ሥሩ ተራቁቶ፣ ከላይ በኩል ቀይ ጭንጫ ብቅ ብሎ ታየ። ጥቁሩ አፈር የለም።

ወጣቱ እጁን አጣምሮ ቆሞ ሳለ ከታች ድምፅ መጣ።

«ልጄ፣ አፈርህ እኔ ጋ አድሯል። ቅርጫትና አካፋ ይዘህ ና፣ እንመልሰው።»

ወረደ። አፈሩ የሽማግሌውን አጥር ተደግፎ ተከምሯል። ከፊሉ ግን አጥሩን አልፎ ፈሰሱ ውስጥ ገብቷል፤ ከፈሰሱ ወደ ወንዙ፣ ከወንዙም ወደ ዓባይ ወርዷል። እሱን የሚመልስ ቅርጫት የለም። የቀረውን ሁለቱ እስከ ማታ ሲያመላልሱ ዋሉ። ሽማግሌው «ብዬህ ነበር» አላሉም። ለዕረፍት ሲቀመጡ ግን እንዲህ አሉት፦

«በሬ ዳገት ይፈራል። ስለሚፈራ ያገድማል፤ ሲያገድም ትልሙ ውሃውን ይይዝልናል። ማሽንህ ዳገት አይፈራም፤ እሱ የሚፈራው በጎኑ መውደቅን ነው። ስለዚህ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ ለውሃው በር ይከፍትለታል። በሬው ሳያውቀው ሲጠብቅልህ የኖረውን ከእንግዲህ አንተ አውቀህ ጠብቀው።»

«ታዲያ ማሽኑን ልሽጠው፣ አያ?»

«ምን በወጣህ! እኔም በሬዎቼም አርጅተናል። መሬቱን አስተካክልለት እንጂ።»

በጥር፣ አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ፣ ወጣቱ ደቦ ጠራ። ጎረቤት ተሰብስቦ ተዳፋቱን በአግድም እየለካ ድንጋይ ካበ፤ አፈሩን ከላይ እየቆረጠ ወደ ካቡ ሞላ። ጓሮው ሦስት እርከን ሆነ። ማሽኑ ከአንዱ እርከን ወደ ሌላው የሚሻገርበት መተላለፊያ በዳር በኩል ቀረለት። በግንቦት ትራክተሩ ሲገባ መሬቱ ሜዳ ሆኖ ጠበቀው። አግድም ሄደ፤ አላዘነበለም። በሰኔ በየካቡ አናት ደሾ ሣር ተተከለ። ሐምሌም እንዳለፈው ዓመት ዘነበ፤ ውሃው ግን በየእርከኑ ቆሞ ሰረገ። በተከታዩ ዓመት ሽማግሌው «የእኔንም ጓሮ እረስልኝ» ብለው ወጣቱን ጠሩት።

ምሳሌውን መናገሬ መለስተኛ ትራክተር ወደ ደጋው እርሻ እየመጣ ስለሆነ ነው፤ መምጣቱም መልካም ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ዓለም አቀፉ የበቆሎና የስንዴ ማሻሻያ ማዕከል ባለ ሁለት ጎማ ትራክተርን ለአነስተኛ ገበሬ የማዳረስ ፕሮጀክት በኢትዮጵያ፣ በኬንያ፣ በታንዛኒያና በዚምባብዌ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ የኢትዮጵያ መንግሥት የእርሻ መሣሪያዎች ከቀረጥ ነጻ እንዲገቡ ፈቀደ። አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ መቀናጆ እስኪያገኝ የዘር ጊዜ ሲያልፍበት ኖሯል። በሬ የሌላት እማወራ መሬቷን ለእኩል አራሽ ሰጥታ የምርቷን ግማሽ ስታጣ ኖራለች። ለእነዚህ ሰዎች ይህ ማሽን አርነት ነው። ወደ ሞፈርና ቀንበር ተመለሱ ሊላቸው የሚገባ ሰው የለም።

ይሁንና የበሬው ድካም በውስጡ ልክ ነበረው። ተዳፋቱን በምን በኩል፣ ምን ያህል እንደምናርስ ይወስንልን ነበር። ልኩ የተቀመጠው በእንስሳው ጉልበት ውስጥ ስለሆነ ማንም እንደ ዕውቀት አልቆጠረውም፤ ለልጁም ያስተማረው ጥቂት ነው። ፍጉም እንደዚሁ ነው፤ በሬ የሌለው ጓሮ ፍጉን ከሌላ ቦታ ካላገኘ ወይም ኮምፖስት ካልተዘጋጀለት ይከሳል። ጉልበቱ በሞተር ሲተካ ይህ ሁሉ ሳይታወቅ አብሮ ይሄዳል።

መካነ ሰላም ያለበት ደቡብ ወሎ የተዳፋት አፈር እንዴት እንደሚታጠብ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ከበርን ዩኒቨርሲቲ ጋር በትብብር የተቋቋመው የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1981 የመጀመሪያ ጣቢያውን የከፈተው በዚሁ ዞን፣ ማይባር ላይ ነው። የዘነበውን ዝናብና የታጠበውን አፈር ለዓመታት ለክቷል። ታርሶ የለሰለሰ ተዳፋት ገና ቡቃያ ሳያለብሰው ከባድ ዝናብ ሲያገኘው ጉዳቱ እንደሚከፋ ተመራማሪውም ገበሬውም ያውቃሉ። በሚሽከረከር ቢላ የደቀቀ አፈር ደግሞ ለዚህ ይበልጥ የተጋለጠ ነው።

እንግዲህ የትራክተር ብድር የሚሰጥ ሁሉ የእርከን ሥራን አብሮ ያስብ። ነጂዎችን የሚያሠለጥን ሁሉ ከክላችና ከማርሽ ጋር ተዳፋት መለካትን ያስተምር። ክፍያ በታረሰው መሬት ስፋት ሲሆን ነጂው የሚፈጥንለትን መስመር መምረጡ አይቀርምና ባለ መሬቱ ስለ ዋጋው ከመስማማቱ በፊት ስለ አቅጣጫው ይስማማ። መሬቱ አግድም ለመታረስ የሚያሰጋ ከሆነ ከማሽኑ በፊት ካቡ ይቅደም፤ ካቡ እስኪያልቅ በዶማ መቆፈር ይሻላል።

ጉልበት የሚጨምርልን መሣሪያ በእጃችን በገባ ቁጥር፣ አሮጌው ሳይነግረን ምን ይጠብቅልን እንደነበር እንጠይቅ። መሣሪያውን ብንለውጥም ጥበቃውን እኛው እንረከበው።