ጥቁር አዝሙድ

ልጆቼ፣ አንድ ጥያቄ ዕድሜዬን ሙሉ አብሮኝ ኖሯል፦ እናቱ በረሃ የቀረችበት ልጅ ቢስቅ ነውር ነው?

እናቴ የሞተችው በ1984 (እ.ኤ.አ.)፣ ሱዳን፣ ኡም ራኩባ ሰፈር ውስጥ ነው። ከጎንደር ሀገር በእግር መጥተን፣ ኢየሩሳሌም ልንገባ ነው ስንል በሽታው ቀደመን። እኔ የ13 ዓመት ልጅ ነበርኩ። አይሁድ መሆናችን እንዳይታወቅ በሌሊት ቀበርናት። ድምፃችን እንዳይሰማ አባባ ታናሽ እህቴን አፏን በእጁ ያዛት። ሰባቱን ቀን አልተቀመጥንላትም።

በዘመቻ ሙሴ አራት ልጆች ከአባታችን ጋር እስራኤል ገባን። በመርከዝ ክሊታ ቧንቧው፣ ሊፍቱ፣ ሁሉም ነገር ለልጅ ያስቅ ነበር። አንዳችን ከሳቅን ግን አባባ፣ «እናታችሁ የት እንዳለች ረሳችሁ?» ይለናል። ቤታችን ሦስት ዓመት እንዲህ ዝም ብሎ ኖረ።

ኋላ አባባ ባሏን በዚያው በረሃ ያጣች ሴት አገባ። «እትዬ» እንላት ነበር። ታላቅ ወንድሜ፣ «የእማዬን ቦታ ለሌላ ሰው!» ብሎ አኮረፈ። እኔ አልፈርድበትም። እትዬ ግን በመጀመሪያው ዓርብ ጠርታኝ፣ «እናትሽ የሰንበቱን ዳቦ እንዴት ነበር የምትጋግረው?» አለችኝ። ጥቁር አዝሙድ እንደምታበዛ ስነግራት ዕንባዬ መጣ። እሷም የባሏን አለቀሰች። አባባ በር ላይ ቆሞ ሲሰማ ኖሮ፣ እሱም አነባ። ለእናቴ ለቅሶ የተቀመጥነው ያን ለት ነው እላለሁ። ቆይተንም ቄሱን ጠርተን ተዝካሯን አወጣን። ሳቅ ወደ ቤታችን የገባው ከዚያ በኋላ ነው።

እንግዲህ እኔ የደረስኩበት ይኸ ነው። ቤታችንን ያጨለመው የታፈነው ለቅሶ ነበር፤ ሳቅ ብንከለክል ለእናቴ ምንም አልጨመርንላትም። አባቶቻችን ለሐዘን ቀን የቆረጡለት ሙት ይረሳ ብለው አይደለም፤ ያለቀሰ ሰው ተነሥቶ ልጅ ማሳደግ ስላለበት ነው። እትዬም የእናቴን ስም እየጠራች ስላሳደገችን፣ እሷን መውደድ እናቴን መክዳት አልሆነብኝም።

ወንድሜ ግን እስከ ዛሬ፣ «ደስታ ያስረሳል» ይላል። እውነት አለው፤ ሲመች ሰው ይረሳል። ስለዚህ በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ቀን ሃር ሄርጽል፣ ወደ መታሰቢያው አብረን እንሄዳለን። ማታ እኔ ቤት ዳቦ ይቆረሳል። እሱ ይቀምስና፣ «ጥቁር አዝሙዱ አነሰ፤ እማዬ እንዲህ አልነበረም የምትጋግረው» ይላል። የልጅ ልጆቹ ይስቁበታል። እሱም ይስቃል።