ጥፋቱ የማን ነው?

ካንሰር ቤት ሲገባ ከሐኪሙ ማብራሪያ ቀድሞ የሚመጣው ጥፋተኛ ፍለጋ ነው። ታማሚዋ «ምን በድዬ ነው?» ትላለች፤ ጎረቤት ድምፁን ዝቅ አድርጎ እርግማን ነው፣ የዘር ነው፣ ራሷን ባለመጠበቋ ነው ይላል። ሰው ያለ ጥፋተኛ የሚመጣ መከራን መቀበል ይከብደዋል። የኢዮብ ወዳጆችም ቁስሉን ባዩ ጊዜ ኃጢአቱን ነበር የፈለጉት። እኔ የምጠይቀው ይህ ነው፤ ሕዋስ እንዴት ወደ ካንሰር እንደሚለወጥ ያወቀ ሰው ጥፋቱን የት ሊያስቀምጠው ይገባል?

ከመነሻው እንጀምር። ሰውነታችን በሚሊዮን ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ሕዋሳት አሉት። አንዱ ሕዋስ ለሁለት በተከፈለ ቁጥር 3 ቢሊዮን ያህል ፊደላት ያሉትን የዘር መልእክት ሁለት ጊዜ ይገለብጣል፤ ከወላጆቻችን የወረስነው ጥንድ ጥንድ ሆኖ ነውና። በዚህ ግልበጣ ውስጥ ስሕተት አይጠፋም። አብዛኛው ይታረማል፣ ከቀረውም የበዛው ጉዳት የለውም። አንዳንዱ ግን ሕዋስ እንዲባዛ የሚያዝዘውን ጂን ያለ ልክ ያነቃዋል፤ ሌላው ደግሞ «ቁም» የሚለውን ጂን ያጠፋዋል። አልፍሬድ ክኑድሰን እ.ኤ.አ. በ1971 በሕፃናት የዓይን ካንሰር ላይ እንዳመለከተው፣ የሚያቆመው ጂን ሥራውን እንዲተው ከእናትም ከአባትም የመጣው ቅጂ መበላሸት አለበት። ካንሰር እንግዲህ በአንድ ቀን አይሆንም፤ በአንድ የሕዋስ ዘር ላይ ለውጥ በለውጥ እየተደረበ በዓመታት ይሠራል።

እ.ኤ.አ. በ1976 ማይክል ቢሾፕና ሃሮልድ ቫርመስ ከባልደረቦቻቸው ጋር ያሳተሙት ግኝት ነገሩን ይበልጥ አከበደው። በዶሮ ላይ ካንሰር የሚያመጣው ቫይረስ የተሸከመው ጂን መነሻው ከጤነኛ ወፎች ሕዋስ ነበር። ሁለቱ ለዚህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1989 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ቁስል የሚሽርበትና ሕፃን የሚያድግበት ኃይል ልጓሙ ሲበጠስ ካንሰር ይሆናል ማለት ነው።

የጉራጌ መንደር ይህን ለመረዳት ያግዛል። ጀፎረ፣ በቤቶች መካከል የተዘረጋው ያ ሰፊ አረንጓዴ መንገድ፣ ለትውልዶች ሳይታረስ የቆየው እያንዳንዱ ቤት አጥሩን ከወሰኑ ስለማያሳልፍና የሚያሳልፍም ቢገኝ ሽማግሌዎች ስለሚያስቆሙት ነው። በሕዋስ ውስጥ የሽማግሌነቱን ቦታ ከያዙት አንዱ ፒ53 የሚባለው ፕሮቲን ነው። የዘር መልእክቱ የተጎዳበትን ሕዋስ ከመባዛት ያግደዋል፤ ካልታረመም እንዲሞት ያደርገዋል። ከሰው ካንሰሮች ግማሽ ያህሉ የዚህ ፕሮቲን ጂን ተበላሽቶ የተገኘባቸው ናቸው።

ክሪስቲያን ቶማሴቲና በርት ፎግልስታይን እ.ኤ.አ. በ2017 ባቀረቡት ስሌት መሠረት፣ በካንሰር ውስጥ ከሚገኙት ለውጦች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ የሚመነጩት ከዚሁ የግልበጣ ስሕተት ነው። ስሌቱ ብዙ ክርክር አስነሥቷል። ቢሆንም የኢዮብን ወዳጆች ዝም የሚያሰኝ ቁም ነገር አለው፤ ምክንያት ያለው ነገር ሁሉ በዳይ የለውም። ለታማሚዋ ይህ ትልቅ ነጻነት ነው።

ነገር ግን «ዕጣ ነው» የሚለው መልስ ታማሚዋን ነጻ ሲያወጣ ሌሎቻችንንም አብሮ ነጻ እንዳያወጣ እፈራለሁ። በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታየውን የማኅፀን በር ካንሰር እንመልከት። መነሻው ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ መሆኑን በማሳየቱ ሃራልድ ሱር ሃውዘን እ.ኤ.አ. በ2008 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ቫይረሱ ኢ6 በተባለ ፕሮቲኑ ፒ53ን ያስወግዳል፤ ኢ7 በተባለው ደግሞ አር.ቢ የተባለውን ሌላ ጠባቂ ያሰናክላል። ሆኖም አብዛኛውን ጊዜ ሰውነት ቫይረሱን በአንድና ሁለት ዓመት ውስጥ ያጠፋዋል። ካልጠፋም የመከላከል አቅሟ ጤናማ በሆነ ሴት ላይ ካንሰር እስኪሆን ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጃል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ቅድመ ካንሰሩ ሊታይና ሊወገድ ይችላል። መጀመሪያው ዕጣ ቢሆን እንኳ 15 ዓመት ሙሉ ሳይታይ መቅረቱ ዕጣ አይባልም።

ታዲያ ሴቶቹ ለምን አይመረመሩም? ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ ግንዛቤ ስለሌላቸው፣ ችላ ስለሚሉ የሚል ነው። የጉራጌዋ ከተማ ቡታጅራ ይህን መልስ ፈትናዋለች። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ልደትና ሞትን ቤት ለቤት ሲመዘግብ በቆየበት በዚሁ አካባቢ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 49 የሆኑ ሴቶችን በየመንደራቸው በዕጣ ለሁለት ከፈለ። አንዱ ወገን ለቫይረሱ ምርመራ የሚሆነውን ናሙና በገዛ እጁ እንዲወስድ፣ ሌላው የማኅፀን በሩ አሴቲክ አሲድ ተቀብቶ በባለሙያ ዓይን እንዲታይ ተጋበዘ። በመጀመሪያው ወገን ከ10 ሴቶች 8 ያህሉ ተመረመሩ፤ በሁለተኛው ግማሽ ያህሉ ብቻ።

ይህ ውጤት ለሥነ ምግባር ጥያቄም ማስረጃ ነው። የተመደቡት በዕጣ ስለሆነ በሁለተኛው ወገን ያሉት ከመጀመሪያዎቹ ይልቅ ቸልተኞች ነበሩ ሊባል አይችልም። የተለያየው የቀረበላቸው ነገር ነው። ቸልተኝነት ብለን በሴቷ ባሕርይ ላይ የጻፍነው ነገር በአብዛኛው የአገልግሎቱ ባሕርይ ነበር።

ሰው ለገዛ ጤናው ኃላፊነት የለበትም ወይ የሚል ይኖራል። አለበት። ኃላፊነት ግን ከአቅም ጋር ይሄዳል፤ ያልቀረበላትን ምርመራ አላደረግሽም ተብላ የምትወቀስ ሴት የሌላውን ዕዳ ነው የምትከፍለው። በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት የጀመረው ክትባት የዚህ ዕዳ አንዱ ክፍያ ነው፤ እናቶቻቸው ግን በዚያ ዕድሜያቸው ክትባቱን አላገኙትም።

በቡታጅራ ዙሪያ በምትኖር የ30 ዓመት ሴት ሕዋስ ውስጥ ዛሬ ምን እንደ ተጀመረ ዓይን አያየውም። ተጀምሮም ከሆነ ገና ዓመታት አሉ። ለጀመረው ለውጥ ማንም አይወቀስም፤ ለእነዚያ ዓመታት ግን ምርመራውን የሚያቀርበው፣ ውጤቱን የሚነግራትና የተገኘባትን ሳያጉላላ የሚያክመው ሁሉ ይጠየቃል።