በጓደኞቹ ላይ የተሾመ ሰው

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት በአገራችን ብዙ ዘመን ኖሯል። ሰው ይህን ተረት ሲሰማ ይሥቃል፤ ከሣቀም በኋላ ስለ ትልልቅ ሹማምንትና ስለ መንግሥት ገንዘብ ያስባል። በዚህ ጽሑፍ ልናስብለት የወደድነው ሰው ግን ከትልልቆቹ ወገን አይደለም። ትናንት ከባልንጀሮቹ ጋር ዘብ ሲቆም፣ ከእነርሱ ጋር ከአንድ ትሪ ሲበላ፣ ስለ ደመወዙ ማነስም አብሮ ሲያጕረመርም የነበረ፣ ዛሬ በትከሻው ላይ አዲስ ምልክት ተደርጎለት በእነዚያው ባልንጀሮቹ ላይ አለቃ የሆነ ፖሊስ ነው። እንዲህ ያለው ሰው የሚበላው ብዙ ገንዘብ በእጁ የለም። በእጁ ያለው ሥልጣን ሌላ ነው፤ ይኸውም በጣቢያው ውስጥ ሌሊት የሚሆነውን ማየት ወይም አለማየት ነው።

የዚህ ዐይነቱ ሹመት ምሳሌ ከጥንት ጀምሮ አለ። በኦሪት ዘፀአት በምዕራፍ 18 እንደምናነበው፣ የሙሴ አማት ዮቶር ሙሴ ብቻውን ተቀምጦ ከጥዋት እስከ ማታ ሕዝቡን ሲዳኝ አየና፣ ይህ አሠራር እርሱንም ሕዝቡንም የሚያደክም መሆኑን ነግሮ በሺህ፣ በመቶ፣ በሃምሳና በአሥር ላይ አለቆች እንዲሾም መከረው። ሻለቃ፣ መቶ አለቃ፣ ሃምሳ አለቃ፣ አሥር አለቃ ስንል የምንናገረው ይህንኑ የመሰለውን ሥርዐት ነው፤ ምንም እንኳ ዛሬ ፖሊሶቻችን ሳጅን፣ ኢንስፔክተር፣ ኮማንደር ቢባሉ ነገሩ አልተለወጠም። ለሚሾሙትም ሰዎች አራት ነገር ተፈልጎባቸዋል። አንዱ ችሎታ ነው። የቀሩት ሦስቱ፣ ማለት እግዚአብሔርን መፍራት፣ እውነተኛነትና በግፍ የሚገኘውን ጥቅም መጥላት፣ ሁሉም የጠባይ ነገሮች ናቸው። ደግሞም ከባዱ ነገር ብቻ ወደ ሙሴ እንዲወጣ፣ ቀላሉ ግን በታች እንዲያልቅ ተወሰነ። ይህን ለሚያስተውል ትልቅ ነገር ነው፤ አንድ ሕዝብ ከሚያገኘው ፍትሕ የሚበዛውን የሚያገኘው ከላይ ካለው ዳኛ ሳይሆን ከአሥር አለቃው እጅ ነውና።

እንግዲህ አንድ ሌሊት እናስብ። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ በስርቆት የተጠረጠረ አንድ ወጣት ወደ ጣቢያ ይመጣል። ይዞት የመጣው ፖሊስ ሲያሳድደው ውሎ ደክሞታል፤ ምናልባትም ተሰድቧል። አዲሱ ሳጅን በተረኛው ክፍል ተቀምጦ መዝገብ ሲጽፍ ከግድግዳው ማዶ የጥፊ ድምፅ ይሰማል፤ ቀጥሎም ሁለተኛ። የሚመታው ፖሊስ ከእርሱ ጋር በአንድ ቀን የተቀጠረ፣ በሠርጉ ሚዜ የሆነለት፣ እናቱ የሞተች ጊዜም ከጎኑ ያልተለየ ወዳጁ ነው። ተነሥቶ በሩን ቢከፍት ወዳጁን በተያዘው ሰው ፊት ያሳፍረዋል። ባይነሣ የሚጠይቀው የለም። ስለዚህ ብዕሩን እንደ ያዘ ይቀመጣል።

ሳጅኑ በዚያች ጊዜ ምንም እንዳላደረገ ያስብ ይሆናል። እኛ ግን ትእዛዝ ሰጥቷል እንላለን። ትናንት ተራ ፖሊስ ሳለ ዝም ቢል ዝምታው የአንድ ሰው ዝምታ ነበር፤ ያም ቢሆን ከኀጢአት ነጻ አያደርገውም። ዛሬ ግን በጣቢያው ያሉት ሁሉ ጆሯቸው ወደ እርሱ ነው። ከጥፊው በኋላ የወንበሩን መንቀሳቀስ ይጠብቃሉ። ወንበሩ ካልተንቀሳቀሰ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ዱላ ማንሣት እንደሚቻል ተረድተዋል። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነን ከማሠልጠኛ ከወጣ አንድ ወር ያልሞላው፣ በማእዘን ቆሞ የሚያየው ለጋ ፖሊስ ነው። በትምህርት ቤት ስለ ሰው ክብር የጻፈውን ሁሉ በዚያች ሌሊት ይተወውና የሥራው ጠባይ ይህ ነው ብሎ ይይዛል።

«ታዲያ ወዳጅን አሳልፎ መስጠት ይገባልን?» የሚሉን ይኖራሉ። ይህን ጥያቄ አንንቀውም። ፖሊስ ጥይት በሚተኮስበት ቦታ ሕይወቱን በባልንጀራው እጅ የሚጥል ሰው ነው፤ መተማመን ከጠፋ ሥራውም ይጠፋል። ደመወዙ ትንሽ፣ ሌሊቱ ረጅም ነው፤ በቤቱ ተኝቶ ለሚያድር ሰው በእርሱ ላይ መፍረድ ይቀለዋል። ጭፍሮች ወደ መጥምቁ ዮሐንስ መጥተው ምን እናድርግ ብለው በጠየቁት ጊዜም፣ በማንም ላይ ግፍና የሐሰት ክስ እንዳያደርጉ፣ ደመወዛቸውም እንዲበቃቸው ነገራቸው እንጂ ሥራቸውን ነውር አላለውም። ሥራው የተከበረ ነው።

ነገር ግን ወዳጅነት ራሱ ምን እንደሚጠይቅ እንመርምር። በመጀመሪያው ጥፊ ተነሥቶ «ተው ወንድሜ፣ አንተ ውጣና ዕረፍ፤ እኔ እይዘዋለሁ» ያለ ሰው ወዳጁን አሳልፎ አልሰጠም። ዝም ያለው ግን ቀስ በቀስ ወደ ወህኒ ቤት ይሸኘዋል፤ አንድ ቀን የሚመታው ሰው ወድቆ ይቀራልና። የተመታው ሰው ተጐድቶ እንደ ሆነ ግን ምክር ብቻ አይበቃም፤ ሐኪም መጥራት፣ ለበላይም ማስታወቅ ግድ ነው። ከዚህ በኋላ ወዳጅነቱ ላይተርፍ ይችላል። ይህ ዋጋ ቀላል ነው ብለን አንዋሽም። ስለዚህ አስተዋይ የሆነ ሰው እስከዚያች ሌሊት አይቆይም፤ በተሾመ በመጀመሪያው ቀን ባልንጀሮቹን ሰብስቦ የሚሸከምላቸውንና የማይሸከምላቸውን ለይቶ ይነግራቸዋል። አስቀድሞ የተነገረ ቃል ማንንም አያሳፍርም።

ሕጉም ከዚህ አይርቅም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 18 ጭካኔ የተሞላበትንና ክብርን የሚያዋርደውን አያያዝ ይከለክላል። በአንቀጽ 19 ደግሞ የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት እንዲነገረው፣ ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚወስደው ጊዜ ሳይታሰብ በ48 ሰዓት ውስጥ በዳኛ ፊት እንዲቀርብ፣ በማስገደድ የተገኘው ቃሉም ተቀባይነት እንዳይኖረው ያዛል። ስለዚህ ያ ጥፊ ለምርመራው እንኳ አልጠቀመም። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 424 እንዲህ ያለውን የመታውን ብቻ ሳይሆን እንዲመታ ያዘዘውንም ባለሥልጣን ይቀጣል። በአፍ ያልወጣ ትእዛዝ ግን በዳኛ ፊት በቀላሉ አይገኝም፤ እርሱን የሚያውቀው ያው ሳጅን ነው።

ዝም ከማለት ሌላ አለመስማትም አለ። በሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 22 የሻለቃው ቅዱስ ጳውሎስን በግርፋት እንዲመረምሩት አዘዘ። ሊገርፉት ባሰሩት ጊዜ ሮማዊ ሰውን ያለ ፍርድ መግረፍ ተፈቅዶ እንደ ሆነ በአጠገቡ የቆመውን መቶ አለቃ ጠየቀው። መቶ አለቃው፣ ከበላይ የታዘዝሁትን እፈጽማለሁ ሳይል፣ ወደ ሻለቃው ሄዶ የሚያደርገው ነገር አደገኛ መሆኑን አስጠነቀቀው። ሻለቃውም ለምን ደፈርኸኝ ብሎ አልተቆጣም፤ ራሱ ወርዶ ጠየቀ፤ ግርፋቱም ቀረ።

ከዚህ ጋር የሚነጻጸር በዘመናችን የሆነ ነገር አለ። በ2012 ዓ.ም. ግንቦት 17 ቀን በአሜሪካ አገር በሚኒያፖሊስ ከተማ ጆርጅ ፍሎይድ የተባለውን ሰው አንድ ነባር ፖሊስ ከ9 ደቂቃ በላይ አንገቱን በጕልበቱ ተጭኖ ገደለው። ይህ ፖሊስ አዳዲሶችን በሥራ ላይ የማሠልጠን ኀላፊነት ነበረው። አብረውት ከነበሩት ሁለቱ ሥራ ከጀመሩ ጥቂት ቀን ብቻ ነበራቸው። ከእነርሱም አንዱ ሰውየውን በጎኑ እናዙረው ወይ ብሎ ከአንድ ጊዜ በላይ ጠየቀ፤ ነባሩ ግን አልሰማውም። ለጋውም ከመጠየቅ አላለፈም። ነባሩ በ2013 ዓ.ም. በነፍስ ግድያ፣ የቀሩት ሦስቱም በ2014 ዓ.ም. በፌዴራል ፍርድ ቤት ጥፋተኞች ተባሉ። በኢየሩሳሌም የታችኛው ሲናገር የላይኛው ሰማ፤ በሚኒያፖሊስ ታናሹ ተናገረ፣ የሚሰማ ግን አልነበረም። አዲስ የተሾመ ሰው ከበታቹ እንዲህ ያለ ቃል ሲመጣበት ማዕረጉ የተነካ ይመስለዋል፤ ስለዚህ በዚያ ሰዓት ራሱን አጥብቆ ይጠብቅ።

የቀረው የመዝገቡ ነገር ነው። ማታ የተያዘውን በማግሥቱ ጥዋት እንደ ተያዘ አድርጎ መጻፍ፣ የተመታውንም ወደቀ ብሎ መጻፍ ከአንድ ብዕር በላይ አይጠይቅም። በዚህ ነገር ደጉም ሰው ይሰናከላል። ቀደም ብለን ያመሰገንነው ሻለቃ፣ ስሙም ቀላውዴዎስ ሉስዮስ ነው፣ ጳውሎስን ከሚገድሉት ሰዎች ለማዳን ብዙ ጭፍራ አስከትሎ በሌሊት ወደ ገዢው ወደ ፊልክስ ላከው፤ ደብዳቤም ጻፈ። በደብዳቤው ሮማዊ መሆኑን ዐውቆ እንዳዳነው ገለጠ። አስቀድሞ በሰንሰለት እንዳሰረው፣ እንዲገርፉትም እንዳዘዘ ግን አልጻፈም።