ድፍረትና የወንዝ ሙላት

ሰው ለአገሩ ሲል ቢሞት ጀግና ይባላል፤ ለልጆቹ እንጀራ ሲደክም አደጋ ቢያገኘው ወገን ተሰብስቦ ያለቅስለታል። ነገር ግን አገርም ሳይጠራው፥ ረኀብም ሳያስገድደው፥ ለጨዋታ ብሎ ነፍሱን በሚናወጥ ውሃ ላይ የሚያስይዘውን ሰው ምን ብለን እንጥራው? ሰነፍ ነው እንበለውን? ወይስ ከእርሱ የምንማረው ነገር ይኖር ይሆን? ጥያቄው የሩቅ አገር ሰዎች ጥያቄ መስሎ ይታያል። ክረምት በገባ ቍጥር ከወንዝ ዳር ቆሞ «ልሻገር ወይስ ልመለስ» እያለ ለሚያመነታው ለቢቸናና ለሞጣ ሰው ግን የቤቱ ጥያቄ ነው።

ጮቄ ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያለው ተራራ ነው። ከእርሱ የሚነሡት ወንዞች፥ ሱሃንና ሙጋን የመሰሉት፥ የምሥራቅ ጎጃምን ደጋ እየሰነጠቁ ወደ ዐባይ በረሓ ይወርዳሉ። ወደ እነዚህም ከመንደሩ ሰው በቀር ስማቸውን ማንም የማያውቃቸው ብዙ ጅረቶች ይገባሉ። በጥር ወር አንዲት ሴት እንስራዋን አዝላ ከድንጋይ ድንጋይ እየረገጠች እግሯ ሳይርስ ትሻገራቸዋለች። በሐምሌና በነሐሴ ግን ከላይ ከተራራው ዝናብ ጥሎ ከታች ሰማዩ እንደ ጠራ ሳለ፥ ደራሽ ውሃ ድንጋይ እያንከባለለና ግንድ እየነቀለ ድንገት ይመጣል፤ ከጥቂት ሰዓትም በኋላ እንዳልነበረ ሆኖ ይጎድላል። የአገራችን ሰው ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይላል። የጮቄ ውሃ ግን የሚያሳስቅ አይደለም፤ እየጮኸ ነው የሚወስደው።

ከእኛ የምንሸሸውን እንዲህ ያለውን ውሃ በሌላው ዓለም ፈልገው የሚሄዱለት ሰዎች አሉ። ካያክ በምትባል ጀልባ ይቀመጣሉ። እርስዋም ሁለት ጫፍዋ የሾለ፥ ላይዋ የተሸፈነ፥ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ ጠባብ ጀልባ ናት። ቀዛፊው ሁለት ወገን ባለው መቅዘፊያ እየቀዘፈ ይወርዳል፤ ብትገለበጥበትም ከውስጥዋ ሳይወጣ በወገቡና በመቅዘፊያው ኀይል መልሶ ያቀናታል። ከእነርሱም መካከል ትልቁን ወንዝ ትተው በዝናብ ብቻ የምትሞላን ትንሽ ጅረት የሚወዱ አሉ። እነዚህ እንደ ገበሬ ሰማይ ሰማይ ሲያዩ ይሰነብቱና ዝናቡ ሲጥል ጀልባቸውን ይዘው ይሮጣሉ፤ ምክንያቱም ውሃው ከነገ ወዲያ አይቈያቸውም። የውሃውን አስቸጋሪነት ከ1 እስከ 6 በሚደርስ ደረጃ ይመድቡታል፤ ስድስተኛው ከሁሉ የከፋው ነው።

«ይህስ የጠገበ ሰው ሥራ ነው» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ፍርዱ ግን ትንሽ ይዘገይ። ካያክን አስቀድመው የሠሩት በሰሜን በበረዶ አገር የሚኖሩ ሕዝቦች ናቸው፤ በአቆስጣ ቍርበት ሸፍነው በባሕር ላይ ያድኑበት ነበር። እንጀራ መፈለጊያ የነበረው መሣሪያ በኋላ ዘመን ጨዋታ ሆነ። የእኛስ ጉግስ ምን ነበር? የጦርነት ትምህርት አልነበረምን? ዛሬም በበዓል ቀን ፈረሰኛው ሲጋልብ ወድቆ ይሰበራል፤ ነገር ግን ይህን አይተን ጉግስ ይቅር አላልንም። ስለዚህ በአደጋ መጫወት ለእኛም እንግዳ ነገር አይደለም።

ለዚህ ጨዋታ ከሁሉ የከበደው ተቃውሞ የሞት ፍርሀት አይመስለኝም። ቀዛፊው «ነፍሴ የራሴ ናት፤ ማንን ያገባዋል?» ቢል መልሱ አጭር ነው፤ ውሃ ሲወስደው ያየውን ሁሉ ያገባዋል። ኅሊና ያለው ሰው ወገኑ ሲሰጥም ቆሞ ማየት አይችልም። እንግዲህ ወደ ሙላት የሚገባ ሰው የራሱን ነፍስ ብቻ ሳይሆን፥ ሳያማክረው የጓደኛውንም ነፍስ አብሮ ያስይዛል ማለት ነው።

ለዚህ ምስክር የሚሆኑ ሁለት ነገሮችን ልጥቀስ። ከዚህ በታች የማነሣቸው ዓመታት በኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። በ1968 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ግብዣ፥ በካፒቴን ጆን ብላሽፎርድ ስኔል መሪነት፥ የእንግሊዝና የኢትዮጵያ ወታደሮችና ተመራማሪዎች ዐባይን በጀልባ ለመውረድ ተነሡ። ወራቱ ወንዙ የሚሞላበት ክረምት ነበር። ዐባይ ጀልባዎቻቸውን ገለበጠባቸው፥ አንገላታቸው። ይሁን እንጂ ኢያን ማክላውድ የተባለው ወታደር የሞተው በዐባይ ማዕበል ላይ ሲቀዝፍ አልነበረም፤ ወደ ዐባይ የሚገባ አንድ ገባር ሞልቶ ሳለ፥ ወገቡን በገመድ ታስሮ በዋና ሲሻገር ነው። እርሱን ለማዳን ጓደኛው ዘሎ ገብቶ ነበር። የማክላውድ አሟሟት ከዚያው አገር ገበሬ አሟሟት በምን ይለያል? ሁለተኛው በ1972 ከጓደኞቹ ጋር በካያክ ዐባይን የወረደው እንግሊዛዊው ማይክ ጆንስ ነው። ዐባይ ሳይጐዳው አሳለፈው፤ በ1978 ግን በፓኪስታን አገር፥ ብራልዱ በሚባል ወንዝ ላይ፥ ጓደኛውን ለማዳን ሲሞክር ሰጠመ።

በዚህ ምክንያት ጨዋታው ይከልከል አልልም። ይልቁንም እነዚህ ሰዎች ዕዳቸውን ዐውቀው የሠሩትን ሥርዐት ስመለከት አከብራቸዋለሁ። ብቻን ወደ ውሃ መውረድ በመካከላቸው የሚነቀፍ ነው። የሚወረወር ገመድ፥ የራስ መከላከያ ቆብና የሚያንሳፍፍ ሰደርያ ሳይዙ አይነሡም። ከሚያስፈራው ቦታ ሲደርሱ ከጀልባቸው ወርደው በዳር እየሄዱ ውሃውን ያጠኑታል፤ ዋናው ውሃ በየት እንደሚወርድ፥ ከፏፏቴው ሥር ወደ ኋላ እየተመለሰ የሚያዞረው አዙሪት የት እንደ ሆነ፥ ዛፍም ወድቆ እንደ ሆነ ይመለከታሉ። ከሁሉም ይልቅ የወደቀውን ዛፍ ይፈሩታል፤ ውሃው በቅርንጫፎቹ መካከል ሲያልፍ ሰውየው ተይዞ ይቀራልና። ነገሩ ካላማራቸው ጀልባቸውን ተሸክመው በእግራቸው ያልፋሉ። ይህን ያደረገውን ሰው ማንም ፈሪ አይለውም።

እኛ ዘንድ እንዴት ነው? በገበያ ቀን ጠላ ቀምሰው የሚመለሱ ሰዎች ከሞላ ወንዝ ዳር ሲደርሱ፥ ከመካከላቸው «ውሃው እስኪጎድል እንቈይ» የሚለው አስተዋይ ሰው የሚሰማውን መልስ አንባቢ ያውቀዋል። «ወንድ አይደለህምን?» ይሉታል። ይህች አንዲት ቃል ስንት ቤት እንደ ዘጋች ማን ቈጥሮ ይጨርሳል? ጨዋታ የምንለው የባዕዱ ሥራ መመለስን እንደ ዕውቀት ሲያስተምር፥ ቁም ነገር የምንለው የእኛ መሻገር መመለስን እንደ ውርደት መቍጠሩ ሊያሳፍረን ይገባል።

ነገር ግን መመለስ የማይችልም አለ፤ ነገሩ ከሁሉ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ተይዛ ከሱሃ ማዶ ብትቆም፥ ውሃው እስኪጎድል ቈዩ ማለት አይቻልም። ትምህርት ቤቱ ከወንዙ ወዲያ የሆነበት ልጅም በየማለዳው ሲመለስ ቢከርም ዓመቱ ያልፍበታል። እኛ በጽሕፈት ቤት የምንውል ሰዎች ስለ እንዲህ ያለው ልጅ ስንሰማ «ቈራጥ ነው፥ ትምህርት ወዳድ ነው» እያልን ማመስገን እንወዳለን። ምስጋናው ውሸት አይደለም፤ ሆኖም እጅግ ርካሽ ነው። ቀዛፊው አደጋውን መርጦታል፤ ድፍረቱም የራሱ ገንዘብ ነው። ልጁ ግን አልመረጠም፤ የድልድዩ መጓደል መረጠለት እንጂ። ያልመረጠውን ሰው በድፍረቱ ማወደስ ዕዳን በጭብጨባ መክፈል ነው።

ከሞጣ ወደ ዐባይ ሲወረድ ሰባራ ድልድይ የሚባል ጥንታዊ የድንጋይ ድልድይ አለ። በጣሊያን ወረራ ዘመን መካከሉ ፈርሶ ስለ ነበር፥ ከጎጃምና ከበጌምድር ወገን የቆሙ ሰዎች ገመድ እየጎተቱ መንገደኛውን ከገደሉ በላይ ያሻግሩት ነበር። ይህ ለብዙ ዓሥርት ዓመታት ቈየ፤ ለአገሩ ሰውም የለመደው ነገር ሆነ። በመጨረሻ ዐባይን በጀልባ ለመውረድ የመጡ ተጓዦች ባለፉበት ጊዜ የተነሣው ፎቶግራፍ ናሽናል ጂኦግራፊክ በሚባለው መጽሔት ወጣ። ኬን ፍራንዝ የተባለ አሜሪካዊ የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ በ2001 ሥዕሉን አይቶ ተነሣ፤ በ2002 ፍራሹ ተጠገነ፥ ቆይቶም በ2009 በዚያው ስፍራ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። ድልድዩን ያስገኘው የጨዋታ ጉዞ ነው ብል አንዳንዱ ይቈጣ ይሆናል። እኔም ነገሩ ደስ አይለኝም፤ ገመዱን በየጊዜው ያየን እኛ ነበርንና። ሆኖም እውነት ነው።

በመስከረም መጀመሪያ ወንዞቹ ገና አልጎደሉም። ወራጅ ውሃ የሚሹት ባለ ካያኮች የሚመርጡት ወራት ይህ ነው፤ ትምህርት ቤት የሚከፈተውም በዚሁ ወራት ነው። ያው ውሃ አንዱን ቆብ ደፍቶ፥ ገመድ የያዘ ጓደኛ በዳር አቁሞ ይጠብቀዋል፤ ሌላውን ደግሞ ደብተሩን በላስቲክ ጠቅልሎ በራሱ ላይ ተሸክሞ፥ ሱሪውን እስከ ጭኑ ሰብስቦ።