ስለ ተዋሱት መሣሪያና ስለ ጥገና ምክር

ሰው ለባልንጀራው ከሚያደርገው በጎ ነገር ሁሉ መሣሪያ ማዋስና ምክር መስጠት እጅግ ቀላል መስሎ ይታያል፤ ገንዘብ አያስወጣም፥ ብዙ ጊዜም አይወስድም ይባላልና። ዳሩ ግን በወዳጆች መካከል ከሚነሣው ቅያሜ ብዙው የሚወለደው ከዚሁ ነው። ስለዚህ ክርስቲያን የሆነ ሰው ሲያውስና ሲዋስ፥ ሲመክርና ሲመከር፥ እንዴት ሊሆን እንደሚገባው መመርመር ከንቱ ድካም አይደለም። ነገሩንም በባዶ ቃል እንዳንናገረው፥ በከተማችን አሮጌ መኪና ይዘው በሚኖሩ ሰዎች ምሳሌ እንመልከተው።

ከቦሌ መድኃኔ ዓለም ወደ አትላስ የሚሄድ ሰው አዳዲስ ሕንፃዎች በተርታ ቆመው ያያል፤ ድምፅ የማያሰሙ የኤሌክትሪክ መኪናዎችም በአጠገቡ ያልፋሉ። ነገር ግን በአንዳንዱ ግቢ ውስጥ ጀርባዋ የጐበጠ ቮልስዋገን ወይም ትንሽ ፊያት ሸራ ለብሳ ቆማለች። የጐባጣይቱ ቮልስዋገን ሥራ በጀርመን አገር እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1978 ቀረ፤ በሜክሲኮም የመጨረሻይቱ በ2003 ወጣች፤ ከ21 ሚሊዮን የሚበልጡ ከተሠሩ በኋላ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በእንዲህ ያለች መኪና ስለ ነበር፥ ስሟን የማያውቅ የከተማ ሰው ጥቂት ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ሕግ ከውጭ በሚገቡ አሮጌ መኪናዎች ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። እንግዲህ ያለውን መጠበቅ ግድ ነው፤ መለዋወጫውንም በመርካቶ በሶማሌ ተራ እየዞሩ መፈለግ፥ ከዚያም የቀረውን ከወዳጅ መለመን ነው።

እንዲህ ያለችውን መኪና የያዘ ሰው ብቻውን ሊሆን አይችልም። ለምሳሌ የቮልስዋገንን የኋላ ፍሬን ለማየት አስቀድሞ ታምቡሩን የያዘውን ታላቅ ዳዶ መፍታት ያስፈልጋል። ዳዶው 36 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሲታሰርም በአንድ ሜትር ዘንግ ጫፍ ላይ 30 ኪሎ እንደ መጫን ያለ ኃይል ይፈልጋል። ላልቶ የታሰረ እንደ ሆነ ታምቡሩ እየተንገጫገጨ ጥርሱን ይበላዋል፤ አንድ ቀንም ሞተሩ እየሠራ ማርሹም ገብቶ ሳለ መኪናይቱ ቆማ ትቀራለች። ለዚህ የሚሆነው ባለ ረጅም እጀታ መፍቻ በጥቂት ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚፈለግ ነው። ዐሥር ሰዎች ዐሥር መፍቻ ቢገዙ ሞኝነት ነው፤ አንዱ ገዝቶ ለዘጠኙ ቢያውስ ግን ጥበብ ነው። ነገሩ እስከዚህ ድረስ ግልጥ ነው፤ ጭንቁ የሚጀምረው መፍቻው ሳይመለስ ሲቀር ነው።

መፍቻው የሚቀርበትም ምክንያት ብዙ ጊዜ ሌብነት አይደለም። የተዋሰው ሰው ሥራውን ጨርሶ ዕቃውን በቤቱ ማዕዘን ያኖረዋል፤ ነገ እመልሳለሁ ይላል፤ ነገ ሳምንት ይሆናል፥ ሳምንቱም ወር። ወር ካለፈ በኋላ ስለ መዘግየቱ ያፍራል፤ ስላፈረም ባለ ዕቃውን በመንገድ ሲያየው ፊቱን ያዞራል። ባለ ዕቃውም በበኩሉ ቀኑን በልቡ እየቈጠረ ዝም ይላል፤ መጠየቅ ንፉግነት ይመስለዋልና። ይሉኝታ የምንለው ይህ ነገር በአገራችን ከመልካም ጠባይ ይቈጠራል፤ እኔ ግን በዚህ ስፍራ የሐሰት ታናሽ ወንድም ሆኖ አገኘዋለሁ። አንዱ ያላለውን ሌላው ያልሰማውን ነገር ይዘው ሁለት ወዳጆች ይለያያሉ፤ ምክንያቱም አንድ ብረት ነው።

ኦሪት ዘጸአት በምዕራፍ 22 ስለ ውሰት የደነገገው ሕግ እጅግ ያስደንቃል። ሰው ከባልንጀራው እንስሳ ተውሶ እንስሳው ቢጐዳ ወይም ቢሞት፥ ባለቤቱ በዚያ ያልነበረ እንደ ሆነ የተዋሰው ይከፍላል፤ ባለቤቱ አብሮ የነበረ እንደ ሆነ ግን ዕዳ የለበትም። ሕጉ ስለ ምን እንዲህ ለየ ቢሉ፥ የበሬውን ጠባይ የሚያውቅ ባለቤቱ ስለ ሆነ ነው እላለሁ፤ ሲደክም ያቆመዋል፥ ሸክም ሲበዛበት ያቃልልለታል። እርሱ በቆመበት ስፍራ ጥፋቱም የሁለቱ ነው። ስለዚህ መሣሪያውን የሚያውስ ሰው የሚቻለው ከሆነ ራሱም አብሮ ይሂድ። መፍቻውን ይዞ ወደ ወዳጁ ግቢ ይግባ፤ እጀታውን አብሮ ይጫን፤ ሥራው ሲያልቅም ዕቃውን ጠርጎ ይዞ ይመለስ። ዕቃውን ብቻ የሚልክ ሰው ግማሽ ስጦታ ሰጠ፤ ሌላው ግማሽ እርሱ ራሱ ነበር።

ለዚህ ሁሉ ጊዜ ከየት ይገኛል የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ የከተማ ሰው ቀኑ አጭር ነው። እንግዲያስ መሄድ ያልቻለ ሰው ዕቃውን ሲሰጥ ቀኑን በግልጥ ይናገር፤ ቅዳሜ ማታ መልስልኝ ይበል፤ የተዋሰውም በዚህ አይቀየም። በኤልሳዕ ዘመን ከነቢያት ልጆች አንዱ እንጨት ሲቈርጥ የመጥረቢያው ብረት ወልቆ በዮርዳኖስ ውኃ ውስጥ በወደቀ ጊዜ፥ የጮኸው ስለ ተቋረጠው ሥራው ሳይሆን ብረቱ የውሰት ስለ ነበረ ነው። የዚያ ሰው ልብ እንዴት ያለ ነው! ከእኛ ብዙዎቹ ቢሆኑ፥ ደግሞ አሮጌ ነበር፥ እጀታውም ልል ነበር ይሉ ነበር።

ምክር ግን ከመፍቻ ይልቅ ያስፈራል። መፍቻ ሲዋስ ከባለቤቱ እጅ ይጠፋል፥ ስለዚህ ሰው አስቦ ይሰጠዋል፤ ምክር ግን ተሰጥቶ ከሰጪው ዘንድ አይጐድልምና፥ ሳይታሰብ ይረጫል። የቮልስዋገን ሞተር በነፋስ የሚቀዘቅዝ ነው፤ የቫልቩ ክፍተት የሚለካውም ሞተሩ ፈጽሞ በቀዘቀዘ ጊዜ ነው፤ ልኩም እንደ ሞተሩ ዓይነት ይለያያል፤ ለአንዱ 0.10 ሚሊ ሜትር የሆነው ለሌላው 0.15 ነው። አንድ ሰው በሻይ ቤት ተቀምጦ፥ የማን ሞተር የየት ዓመት እንደ ሆነ ሳይጠይቅ፥ እኔ በዚህ ልክ አድርጌ ሠራልኝ ይላል። ያም ሰምቶ ሄዶ ክፍተቱን ያጠብባል፤ ሞተሩ ሲግል ቫልቩ መዘጋት ይሳነዋል፥ ኋላም ይቃጠላል። በብዙዎቹም አስቀድሞ የሚቃጠለው ከዘይት ማቀዝቀዣው በታች ያለው የሦስተኛው ሲሊንደር ቫልቭ ነው። መካሪው ክፉ አላሰበም፤ ነገር ግን ባላየው ሞተር ላይ ፈረደ። የባሕር ማዶ መጽሐፍም እንኳ ያላየውን ይፈርዳል፤ በቆላ አገር ለተሠራው ካርቡራቶር የጻፈው ልክ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ባለችው በአዲስ አበባ አይሆንም፤ አየሩ ከአምስት እጅ አንድ እጅ ያህል የሳሳ ነውና ቤንዚኑ ይበዛል፥ ካንዴላውም ይጠቍራል። ስለዚህ ስለ ውሰት የተባለው ሕግ በምክር ላይ ይልቁን ይጸናል፤ መካሪ ሆይ፥ ሄደህ እይ፤ መሄድ ካልቻልህ እንዳላየህ ተናገር።

ደግሞ ሳይጠየቁ ሊሰጡት የሚገባ ምክር አለ። በሞተሩ ላይ የሚያልፈው የቤንዚን ጎማ ሲያረጅ ይሰነጠቃል፤ ቤንዚኑም በጋለው ብረት ላይ ሲንጠባጠብ መኪናይቱ በእሳት ትያያዛለች። የባልንጀራውን ጎማ ተሰንጥቆ አይቶ፥ ነገሩ አይመለከተኝም ብሎ የሚያልፍ ሰው፥ በኢያሪኮ መንገድ ቁስለኛውን አይተው ካለፉት ከካህኑና ከሌዋዊው በምን ይለያል?

አሁን ከባዱ ጥያቄ ይመጣል። መኪና ለደስታው የሚጠግን ሰው ዕውቀቱን በነጻ ቢሰጥ አይጐዳም፤ በዕውቀቱ የሚኖረው መካኒክስ? አንዳንዱ መካኒክ ካርቡራቶሩን ሊያስተካክል ሲል ረዳቱን ሻይ አምጣ ብሎ ይልከዋል፥ እጁን እንዳያይበት ነው። ይህ ጥበብን መቅበር ነው። በሳኦል ዘመን ፍልስጥኤማውያን በእስራኤል ምድር ብረት ሠሪ እንዳይገኝ አደረጉ፤ ሕዝቡም ማረሻውን ለማሾል ወደ ጠላቱ እየወረደ ዋጋ ይከፍል ነበር፤ ጥበብን የሚሸሽግ ሰው የማንን ሥራ እንደሚሠራ ከዚህ ይወቅ። ደግሞስ ይህ ሙያ የማን ነው? ፒንሳ፥ ካቻቪቴ፥ ክሪክ፥ ዳዶ፥ ፍሬን ስንል ስማቸው እንኳ ከጣልያን የተዋስነው ነው። ሆኖም መካኒኩን ብቻ መውቀስ ቅን ፍርድ አይሆንም። ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ የመጀመሪያይቱን መኪና ለዐፄ ምኒልክ ባመጣበት ዘመን፥ በ1900 ዓ.ም.፥ ንጉሡ የእጅ ሠራተኛን በሥራው የሚሰድበውን ሰው በዐዋጅ ከልክለው ነበር፤ ንቀቱ ግን በዐዋጅ ብቻ አልጠፋም። ዛሬም ባለ መኪናው ወደ ጋራዥ ሄዶ፥ ምኑ ነው የተበላሸው ብሎ ጠይቆ፥ መካኒኩ ዝቅ ብሎ ጆሮውን ወደ ሞተሩ አቅርቦ በሽታውን ሲነግረው፥ እሺ ብሎ ወደ ቤቱ ተመልሶ ራሱ ይሠራዋል። ያ መካኒክ ሁለተኛ ምስጢሩን ቢደብቅ ይፈረድበታልን? ለጆሮውም ዋጋ አለው፤ ሠላሳ ዓመት ያደመጠ ጆሮ ነውና።

ስለ አሮጌ መሣሪያ አንድ ነገር ቀርቷል። ሽማግሌው መካኒክ ሲሞት ሣጥኑ ለሚስቱና ለልጆቹ ይቀራል። እነርሱ ዋጋውን አያውቁም፤ ብዙ ጊዜም በኪሎ ይሸጡታል፥ ወደ ምናለሽ ተራም ይሄዳል። በዚህ ጊዜ አንድ አሮጌ መኪና ያለው ሰው መጥቶ፥ ለዓመታት ሲፈልገው የኖረውን የፋብሪካ መሣሪያ ከዝገቱ መካከል ቢያይ፥ የተጠየቀውን ጥቂት ብር ከፍሎ ዝም ብሎ ቢሄድ ኀጢአት ነውን? ሻጭ ራሱ በተናገረው ዋጋ ገዛሁ ይላል፤ የገበያ ሕግም ይደግፈዋል። ነገር ግን ሴቲቱ ብረት ሸጠች፥ እርሱ መሣሪያ ገዛ፤ በአንድ ስም ሁለት ነገር ተለዋወጡ፥ ልዩነቱንም የሚያውቅ እርሱ ብቻ ነበር። እኔ የምለው፥ ይህ ስንት እንደሚያወጣ ይንገራት፤ ገንዘቡ ካልበቃውም ባልንጀሮቹን ጠርቶ በአንድነት ይግዙት። የቀድሞ መካኒኮች በመፍቻቸው እጀታ ላይ የስማቸውን ፊደል በሹል ብረት ይቀርጹ ነበር፤ ዝገቱን ሲጠርጉ ያንን ፊደል አይፋቁት፤ መፍቻውም ከግቢ ወደ ግቢ በተዋሰ ቍጥር የማን እንደ ነበረ ይጠየቃል።